ጋሽ እሱባለው እና የጨፌ ዲማ ውሃ

ጋሽ እሱባለው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ነዳጅ ፈልገው አላገኙም። ይህን ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው ሰፈሩ ሁሉ ከኋላቸው እየሳቀ ስለሚለው ነው። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስማቸው «ደረቁ ጉድጓድ» ነው። ባጃጅ ነጂ እንኳን «ደረቁ ጉድጓድ ቤት ጋ» ከተባለ ሌላ አድራሻ አይጠይቅም። እኔ ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሰውየው ሥራ ከመሬት በታች ያለውን መርምሮ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት ነበር። እኛ ግን የለም ማለት ሥራ አይመስለንም። «አለ» ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል፣ «የለም» የሚል ሰው ግን ምቀኛ ይባላል። እንዲህ ሆነን ነው የምንኖረው፤ እንዲህ ሆነን ነው ጨፌ ዲማንም ያጠፋነው።

ተወልደው ያደጉት አጋሮ ነው። አባታቸው ከመንዝ መጥተው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው የቀሩ ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤት ከአባ ኢርፋን ጋር አንድ ዴስክ ተጋሩ። በልጃቸው በኢርፋን ስም አባ ኢርፋን ከመባላቸው በፊት፣ ያን ጊዜ ገና ልጅ ሙሀጅር ናቸው፤ ከጨፌ ዲማ በእግር እየመጡ የሚማሩ የቡና ገበሬ ልጅ። ጋሽ እሱባለው የሙሀጅርን የሒሳብ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ሙሀጅር በምላሹ ኦሮምኛ ያስተምሯቸዋል። «ከስድቡ ነው የጀመረልኝ» ይላሉ ጋሽ እሱባለው፣ «ሰላምታውን የተማርኩት በሁለተኛው ዓመት ነው።» ስምንተኛ ክፍል ላይ ሙሀጅር ወደ አባታቸው ቡና ተመለሱ። ጋሽ እሱባለው ቀጠሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ በ1974 በጂኦሎጂ ተመርቀው ነዳጅ ፍለጋ ላይ ተመደቡ። መጀመሪያ ኦጋዴን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጋምቤላ፣ በመጨረሻ ኦሞ።

ሥራው ምን እንደሆነ በቀላሉ ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። መሰርሰሪያው ሁለትና ሦስት ሺህ ሜትር ወርዶ ድንጋይ ይፈጫል። ፍርፋሪው ከጭቃ ጋር ተጠራርጎ ይወጣል። ጂኦሎጂስቱ ከዚያ ላይ አንድ እፍኝ ይዘግናል፣ በወንፊት ያጥባል፣ በአጉሊ መነጽር ያያል። ከዚያ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ይከትና ልዩ መብራት ያበራበታል። ድንጋዩ ዘይት ከሌለው እንደጠቆረ ይቀራል። ዘይት ካለው በዚያ ጨለማ ውስጥ ዘይቱ ራሱ ወርቅ መስሎ ያበራል። ጋሽ እሱባለው ይህን ቀንም ሌትም፣ በየጥቂት ሜትሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠሩ። ልጃቸው ሩሐማ ሦስተኛ ክፍል ሆና መምህሯ የአባቷን ሥራ ቢጠይቃት፣ «ድንጋይ ያጥባል» አለች አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ቆንጂት ጅማ ውስጥ እያስተማሩ ልጅ ያሳደጉት ለብቻቸው ነው። ባላቸው በዓመት ሁለቴ፣ ከበዛ ሦስቴ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ፤ ጢማቸው አድጎ፣ ፊታቸው ከስሎ። «ባል ሳይሆን እንግዳ ነው ያገባሁት» ይላሉ እስካሁን፤ ሲሉትም አይስቁም።

አንድ ሕግ ነበራቸው። በገዛ እጃቸው ያልወሰዱትን ናሙና አያዩም። ሕጉን ያወጡት ገና በሃያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ኦጋዴን ውስጥ አንድ ጉድጓድ ላይ ማታ ተረኛው ያወጣው ፍርፋሪ ሳጥኑ ውስጥ ቦግ አለ። ካምፑ በደስታ አበደ። ፍየል ታረደ፣ ለአዲስ አበባ በሬዲዮ ተነገረ። እሳቸው ግን ከእንቅልፋቸው ተነስተው ብርሃኑን ሲያዩት ቀለሙ አልጣማቸውም። የመሬት ዘይት ወደ ቢጫ፣ ወደ ወርቅ ይሄዳል፤ ይሄኛው ነጣ ያለ ሰማያዊ ነው። ሠራተኛውን ሁሉ ሲያፋጥጡ፣ የተቀረቀረ ቧንቧ ለማስለቀቅ ጭቃው ላይ ናፍጣ የደፋ ሰው ተገኘ። የበራው የራሳቸው ናፍጣ ነበር። ግብዣው መሃል ገብተው ተናገሩ። ሥጋ በአፉ የያዘ ሰው ሁሉ አፍጥጦ አያቸው፤ ወር ሙሉ ያናገራቸው የለም። እውነቱን በመናገራቸው ነው! ይሄን ታሪክ ሲያወሩኝ እኔ ነበርኩ የምናደደው፣ እሳቸው አይደሉም።

የመጨረሻው ጉድጓድ ኦሞ ነበር። እሱም ደረቅ ሆነ። ሪጉ፣ የመቆፈሪያው ማማ፣ ተፈታትቶ ተጫነ፣ እሳቸው መዝገቡ ላይ «ደረቅ፤ ተዘግቷል» ብለው ፈረሙ፣ በቀጣዩ ዓመት ጡረታ ወጡ። ለስንብት ከመጋዘን የተጣለች አንዲት የመብራት ሳጥን አስፈርመው ሰጧቸው። በሠላሳ አራት ዓመት የያዙት ቅርስ እሷ ናት።

እኔ የገባሁትም በእሷ በኩል ነው። ለሚ እባላለሁ። ሄርማታ፣ ገበያው ጥግ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ ያስተማረኝ የተበላሸ ዕቃ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ጋሽ እሱባለው ሳጥኗን ይዘው መጡና፣ «ይህች ነገር ነፍስ ትዘራለች?» አሉኝ። ሽቦዋን ቀየርኩ፣ በመኪና ባትሪ እንድትሠራ አደረግኋት። ምን ያደርግልዎታል ስላቸው፣ «ምንም፤ ብቻ ሞታ ስትቀመጥ ደስ አይለኝም» አሉ። ባልጠገንኳት ኖሮ! ብዙ ቀን እንዲህ እላለሁ።

አምና ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ በየካቲት፣ አባ ኢርፋን ሰቶ ሰመሮ መጡ። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ የእትዬ ቆንጂትን ቴሌቪዥን እየጠገንኩ።

«አካም ጅርታ፣ አንተ ድንጋይ አጣቢ» አሉ ከበሩ።

«አለሁ፣ አንተ ሒሳብ የማትችል። ግባ።»

ገብተው ተቀመጡ፤ ኮፍያቸውን ከጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «ጨፌው ላይ ነዳጅ ወጣ ይላሉ» አሉ።

ጨፌ ዲማ ከየቡ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ወርዶ፣ ከዋናው መንገድ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ የቡና ቀበሌ ነው። በመሃሉ ረግረግ አለ። ውሃው ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ልባስ ይንሳፈፋል፤ ዳር ዳሩ ቀይ ዝቃጭ ነው። አያቶቻቸው «ጨፌ ዲማ»፣ ቀይ ጨፌ፣ ያሉት ለዚህ ነው። መቶ ዓመት እንዲሁ ሲያዩት ኖረው ማንም ምንም አላለም። አሁን ግን መሳይ የሚባል ሰው በነጭ ፒክአፕ መጣ። የአንድ ድርጅት ወኪል ነኝ አለ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ ወረቀቱ ላይ ካለው ማኅተም በቀር መኖሩን ያየ የለምና። በረግረጉ ዙሪያ ያሉ አሥራ አንድ አባወራዎች መሬታቸውን ለመልቀቅ ይፈርሙ፣ ቡናውን ቆርጠው ያጽዱ። ቀድሞ ያጸዳ ልጁ ቀድሞ ይቀጠራል፤ በጥበቃ፣ በሹፌርነት፣ በቢሮ። ከዘገያችሁ ድርጅቱ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል አለ።

«ኢርፋን ፈርም ይለኛል» አሉ አባ ኢርፋን። «ዲግሪውን በፍሬም ሰቅሎ አራት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጧል። አባቴ፣ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣም ይለኛል። ምን ልበለው? ቡናውን የተከለው አባቴ ነው፤ አራት መቶ እግር ነው፤ ሌላ ምንም የለኝም። አንተ ና፣ እይልኝ። አለ ካልክ እፈርማለሁ። የለም ካልክ ወላሂ ሬሳዬን ተሻግረው ነው የሚቆርጡት።»

ጋሽ እሱባለው ተንፈስ አሉ። «ሳላየው ልንገርህ? ዝገት ነው። በብረት ላይ የምትኖር ዓይን የማያያት ተሕዋስ አለች፣ እሷ ናት እንደ ዘይት የምታስመስለው። በእንጨት ስትነካው ዘይት ከሆነ ተመልሶ ይጋጠማል፣ ዝገት ከሆነ እንደ መስታወት ይሰባበራል። ሂድና ነክተህ እየው።»

«እኔ ብነካው ማን ያምነኛል? ኢርፋን እንኳን አያምነኝም። አንተ በማሽንህ ና።»

እትዬ ቆንጂት ከጓዳ፣ «ጉልበትህን ረስተኸዋል?» አሉ። ጋሽ እሱባለው ጋምቤላ ላይ ከሪግ መሰላል ወድቀው ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም።

«ተሸክመን እንወስደዋለን፣ አይዞሽ» አሉ አባ ኢርፋን።

በሳምንቱ ሄድን። ሳጥኗንና ባትሪዋን እኔ ያዝኩ። ስንደርስ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጠበቀን። መሳይ ስልኩን ይዞ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ፈገግ ብሎ ቆሟል። «ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የአገር ባለውለታ ነዎት» አለ። ደረቁ ጉድጓድ ሲባሉ የኖሩ ሰው እንዲህ ሲባሉ ምን ይሰማቸዋል? ፊታቸው ሲፈካ አየሁት። አልፈርድባቸውም።

ከመንገዱ ወደ ረግረጉ ቁልቁል ነው፤ ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። ጋሽ እሱባለው ሱሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ።

«ኧረ ማሎ! እርስዎ ጭቃ ሊገቡ?»

«እኛ ልጆች እያለን?» አለ ኢርፋን፤ ከልቡ ነው ያለው፣ ክንዳቸውን ይዞ። «ጋሼ፣ ቢወድቁ አባቴ ይገድለኛል። እዚህ ይቀመጡ፣ አመጣልዎታለሁ።»

«ራሴ ነው የምቀዳው፤ ሕግ ነው» አሉ።

«የምን ሕግ? እኛ ቤት እንግዳ ጭቃ አይገባም» አሉ የኢርፋን እናት እማማ ዙቤይዳ፤ ቅር ብሏቸው። ቅር መሰኘታቸው ነው የጎዳን። ጋሽ እሱባለው ወደ ረግረጉ አዩ፣ ወደ ጉልበታቸው አዩ፣ ወደ ሴትየዋ አዩ፤ ተቀመጡ። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ያን ሁሉ ካምፕ የተጋፈጡ ሰው በአንዲት ሴት ቅሬታ ተሸነፉ። እኔስ? እኔ ጉልበቴ ደህና ነበር፤ ሄጄ መቅዳት እችል ነበር። ጫማዬ አዲስ ነበር። ይኸው ነው።

ኢርፋን ቤት ገብቶ ጀሪካን ይዞ ወረደ፣ ሞልቶ ተመለሰ። ለመብራቷ ጨለማ ስለሚያስፈልግ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ገባን፤ በሩ ተዘጋ፣ ስንጥቁ በጆንያ ተደፈነ። ሰው በሰው ላይ ተጨናነቀ። ጋሽ እሱባለው ከጀሪካኑ በነጭ ሳህን ገልብጠው ሳጥኗ ውስጥ አስገቡ። እኔ ሽቦውን ባትሪው ላይ ነካሁ።

በራ።

ሳህኑ ላይ ነጣ ያለ ሰማያዊ ብርሃን ተንሳፈፈ። «በራ!» አሉ ጋሽ እሱባለው፤ ደንግጠው ነው፤ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፤ ድንጋጤ ነው። «በራኮ! ቆይ፣ ቆይ...» ከዚያ በላይ የሰማቸው የለም። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «አልሐምዱሊላህ!» የሚል፣ የሚያለቅስ፣ በሩን በርግዶ የሚሮጥ። እሳቸው ጀሪካኑን አንስተው አፉን ሲያሸቱ አየሁ። «ምን ነበረበት? ይሄ ጀሪካን ምን ነበረበት?» እያሉ ያገኙትን ሰው ሁሉ ይይዛሉ። ሰው ግን አቅፎ ይስማቸዋል፤ ትከሻቸው ላይ ያለቅሳል።

ጀሪካኑ የቡና መፈልፈያው ሞተር ናፍጣ የሚመጣበት ነበር። እማማ ዙቤይዳ ለተከበረ እንግዳ ብለው ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥበውታል። ቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ንጹሕ እሱ ነበር። ናፍጣ ግን በሳሙና አይለቅም፣ ፕላስቲኩ ራሱ ጠጥቶታል። ማንም አላታለለም። ኢርፋን አላታለለም፣ እናቱ አላታለሉም። መሳይ እንኳን ያን ቀን ምንም አላደረገም፤ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ቀረጸ እንጂ።

ቪዲዮው ማታውኑ ወጣ። አሥራ አራት ሰከንድ ነው። ሰማያዊ ብርሃን፣ የሽማግሌ ድምፅ «በራ! በራኮ!»፣ እልልታ፣ አለቀ። «ቆይ» የሚለው የለም። በሦስት ቀን ጅማን ሞላው። ጋሽ እሱባለውን ያዩ ሁሉ ከባጃጅ ላይ እየወረዱ ጨበጧቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያሾፍባቸው የኖረ ከተማ በአንድ ጊዜ አከበራቸው። እሳቸውም ለእያንዳንዱ፣ «ስሕተት ነው፣ ናፍጣ ነው፣ ጀሪካኑ ነው» ይላሉ። ሰው ይስቃል። ትሕትና መሰለው።

በአራተኛው ቀን ተመለስን። በዚህኛው ጊዜ ማንንም አልሰሙም፤ የማይታጠፍ እግራቸውን እየጎተቱ ረግረጉ ውስጥ ገቡ። እኔ በብብታቸው ይዣቸዋለሁ። የቡና ቅርንጫፍ አንስተው ልባሱን ነኩት። እንደ መስታወት ተሰነጣጠቀ፤ ስብርባሪው ለየብቻው ቆመ፣ አልተጋጠመም።

«አያችሁ?» አሉ። «ዘይት ቢሆን ተመልሶ ይገጥም ነበር። ዝገት ነው።»

ኢርፋን ዳር ላይ ቆሞ ነበር። «ጋሼ» አለ፣ በአክብሮት፣ «በማሽን ያዩትን በእንጨት ይሽሩታል?»

ሰው ሳቀ። ጋሽ እሱባለው ከቤት ባመጡት ንጹሕ ጠርሙስ በእጃቸው ቀዱ፣ መጋዘኑ እንደገና ተዘጋ፣ መብራቷ በራች። ሳህኑ ጥቁር ነበር። ምንም የለም። ለአፍታ የተሳካልን መሰለኝ። ከጥግ አንዱ፣ «ትናንት የዘነበው አቅጥኖት ነው» አለ። ሌላው፣ «ባትሪው ደክሟል» አለ። ሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን እንዲሰማ አድርጎ፣ «ሌላ ድርጅት አናግሯቸዋል» አለ።

መሳይ የተናገረው በመጨረሻ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩን። ከዚህ ሥር፣ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ፣ ነዳጅ እንደሌለ እርግጠኛ ነዎት?»

እንዲዋሹ ጸለይኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጸለይኩ። አንዲት «አዎ» ትበቃ ነበር።

«ሳይቆፈር ከሥሩ ያለውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው የለም» አሉ። «እኔ የምለው ይህ ውሃ ምልክት አይደለም ነው።»

«ማንም አያውቅም አሉ!» አለ መሳይ ወደ ሰው ዞሮ። «ስለዚህ እንቆፍር!» ጭብጨባ ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት እውነት ተመልሶ እንዲህ በጥፊ መታቸው። በዚህ አገር ጥንቁቅ ሰው የሚሸነፈው እንዲህ ነው፤ ዋሾው «እርግጠኛ ነኝ» ሲል እሱ «አላውቅም» ስለሚል።

ከመጋዘኑ ስንወጣ አባ ኢርፋን በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«የለም ካልኩህ እንደማትፈርም ነግረኸኛል» አሏቸው ጋሽ እሱባለው። «ይኸው፤ ውሃው ላይ የለም።»

አባ ኢርፋን መለሱላቸው፦ «ያን ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ጓደኛዬ። ሲበራ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተም አይተሃል፤ ፊትህ ሲለወጥ አይቻለሁ።»

«ናፍጣ ነው ያየነው።»

«ይሆናል። ባይሆንስ? ሌላው ሁሉ ቆርጦ ልጁ ሥራ ሲገባ ኢርፋን ምን ይለኛል? ዱጋ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ሩሐማን እንዲህ ያለ ዕድል ትከለክላት ነበር?»

ሩሐማ ያደገችው በአባቷ እጅ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ከዚያ ቢሮ ለቢሮ መዞር ሆነ። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩ፤ እሳቸው የጻፉት አራት ገጽ ነበር፣ የድንጋይ ዓይነት የሚዘረዝር፤ ማን ያነበዋል? «መሳይ ፈቃድ እንዳለው አጣሩ፤ እስኪጣራ ቡና አይቆረጥ» ብዬ አንድ ገጽ አደረግሁት። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራን፣ ሌላው ኃላፊው ስብሰባ ነው አለ። በሦስተኛው ጽዮናዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለችን። ወንበር ሰጠቻቸው፣ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች። ያነበበው ብቸኛ ሰው እሷ ናት። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ድምፅ የእርስዎ አይደለም?»

«በራ! በራኮ!»

«የኔ ነው» አሉ።

«እኔ አምንዎታለሁ። ግን አለቃዬ ጋ ይዤ ስገባ ይሄንን ነው የሚያሳየኝ። ያረጋገጡት ባለሙያ ራሳቸው ናቸው ይለኛል። የፈረሙት ገበሬዎች ደግሞ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የፈረሙት። ምን ብዬ ልከራከር?» ጋሽ እሱባለው ተነሥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ እሳቸው ናቸው እሷን ያጽናኑት። እኔ በሩን ደብድቤ ወጣሁ። ምንም አልጠቀመም፤ በር ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ አባ ኢርፋን ፈረሙ። የሰማነው በማግስቱ ነው፤ የመቁረጡም ቀን ያው ማግስቱ ነበር። ሚኒባስ ይዘን ስንደርስ መጋዙ ከሩቅ ይሰማል። አራት መቶ እግር ቡና እንዴት እንደሚወድቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ለካ ድምፅ የለውም፤ ቀጭን ነው፣ ዘለስ ይላል፣ ያልቃል። ገና የፈካ ነጭ አበባ ያለው ነበረበት። ጥላው የሆኑት ዋንዛና ብርብራ ብቻ ቆመው ቀሩ፣ ከሥራቸው ምንም የሚጠለል ሳይኖር። ቆራጮቹ ጎረቤትና ዘመድ ናቸው፣ በደቦ የመጡ፤ ይቀልዳሉ፣ ይጫወታሉ። ጋሽ እሱባለውን ሲያዩ ሥራ አቁመው፣ «የነዳጁ አባት መጡ!» ብለው አጨበጨቡላቸው።

እሳቸው ወደ አባ ኢርፋን ሄዱ። ስለ ነዳጅ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ጉቶውን አትንቀሉት» አሉ። «ሙሀጅር፣ ሌላ ምንም አልልህም። ጉቶው ካለ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በሦስት ዓመት ታገኘዋለህ። ጉቶውን ብቻ ተውልኝ።»

አባ ኢርፋን ወደ ልጃቸው አዩ። ኢርፋን ቆሎ የሚቆጥር ይመስል አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። «መሳይ ጉቶ ያለበት መሬት ጸድቷል አይባልም ብሏል፤ ማሽን አይቆምበትም» አለ።

«ማሽኑ የታለ?»

«ይመጣል፣ ጋሼ። ኢንሻአላህ ይመጣል።»

እማማ ዙቤይዳ ውሃ በጣሳ ይዘው መጡ። ለጋሽ እሱባለው አቀበሏቸውና ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠበቁ። «እርስዎ ያውቃሉ» አሉ፣ «ሰዎቹ ክረምት ሳይገባ ቁፋሮ ይጀምራሉ?» ዓይናቸው ላይ ያየሁት ጥርጣሬ አይደለም። ልመና ነው። ቡናው ወድቋል፤ አሁን የሚቀራቸው ያ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰባት ጉድጓድ ላይ ደረቅ ብለው የፈረሙ ሰው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። አፋቸው ተከፈተ። በራሴ ውስጥ «ተናገሩ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን ማንን ይጠቅማል ብለው ነው መሰለኝ፣ «ይጀምሩ ይሆናል» አሉ። ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ተናድጄባቸው ለሁለት ሳምንት ሳላናግራቸው ቀረሁ፤ አሁን ሳስበው ግን እኔም በቦታቸው ብሆን ሌላ ምን እል ነበር?

ነቃዮቹ መቆፈሪያ ይዘው ከላይኛው ረድፍ ጀመሩ። ጋሽ እሱባለው ጉልበታቸው ደክሞ ከታችኛው ረድፍ ጫፍ፣ አንዲት ጉቶ አጠገብ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ዘርግተው። እጃቸውን ጉቶዋ ላይ አሳረፉ። ሥራው እየወረደ፣ እየወረደ መጣ። ሰው ስለሚያከብራቸው ዙሪያቸውን ነቅሎ እሳቸው ያሉበትን ተወ። ሁሉም አልቆ ያቺ አንዷ ቀረች። ነቃዮቹ ላባቸውን እየጠረጉ ቆሙ።

በመጨረሻ ኢርፋን ቀረበ። ከፊታቸው በርከክ አለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትንሽ ቢነሱልን፤ እሷ ብቻ ናት የቀረችው።»

ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እጃቸውን ሲዘረጉልኝ ጊዜ በብብታቸው ገብቼ አነሳኋቸው።